የራቀ ሰው ድምፁ የት ነው?

በዚህ እትም ስለ ምርጫ ልጽፍ ነው ብዬ ለአንዳንዶቻችሁ ስነግር «ምርጫና እኛ ደግሞ ምን አገናኘን?» ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። እውነታችሁን ነው፤ የዕረፍት ቀናችንን እንኳ ራሳችን የማንመርጥ ሰዎች ስለ ምርጫ ስናወራ ያስቃል። ግን ትንሽ ታገሡኝ። የማወራው ስለ ፓርቲ አይደለም፤ እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም። እኔን የሚከነክነኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰው ድምፅ ሊኖረው የሚገባው የት ነው? በተወለደበት ነው? በሚኖርበት ነው? ወይስ ገንዘቡ በሚሄድበት? ለብዙ ሰው ሦስቱ አንድ ቦታ ስለሆኑ ጥያቄው አይነሳበትም። ለእኛ ግን ሦስቱም ተለያይተዋል።

አስቀድሜ ነገሩ አገራችን እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን ስለወጣን አንድ ቀን እንኳ መርጠን አናውቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ የመምረጥ መብት አለው። ግን መብት አለኝ ብሎ በምርጫው ቀን ተነስቶ መሄድ አይቻልም። መጀመሪያ መመዝገብ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅም፣ እሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅም፣ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በዚያ የምርጫ ክልል ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። ሰውየው ራሱ በአካል ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል፤ መታወቂያውን ያሳያል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ አድራሻው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ይፈርማል፤ ካርድ ይቀበላል። መዝገቡም ለሕዝብ ይታያል፤ «ይሄ ሰው እዚህ አይኖርም» ወይም «እኔ ተዘልያለሁ» የሚል ሰው ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። በምርጫው ቀን ስሙ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ጣቱም የማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ ዞሮ ሁለተኛ እንዳይመርጥ ማለት ነው። ማታ ድምፁ እዚያው ጣቢያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያን ቀን ነው፤ ሰልፉን፣ ቀለሙን፣ ሳጥኑን። በሩ ግን ምዝገባው ነው። በምዝገባ ያልገባ ሰው በምርጫው ቀን ውጪ ቆሞ ያያል። ሳውዲ ያላችሁ እህቶች ይሄን በቅርብ ታውቁታላችሁ። እዚያ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡትና የተመረጡት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በተደረገው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነው። 20 ገደማ ሴቶች ተመረጡ፤ ዓለም ሁሉ አወራው። ግን የተመዘገቡት ሴቶች 130 ሺህ ገደማ ሲሆኑ ወንዶቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አንዱ ችግር የመኖሪያ ማስረጃ ነው። ቤቱ በአባት ወይም በባል ስም ስለሆነ ብዙ ሴት «እዚህ እኖራለሁ» የሚል ወረቀት በራሷ ስም ማምጣት ይከብዳታል። አያችሁ? ሕጉ ፈቅዶላታል፤ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ግን ያስቀራታል። በወረቀት መቅረት እኛ የምናውቀው ነገር ስለሆነ አላብራራም።

አሁን ወደ ቀበሌ ልውረድ። ፓርላማ ሩቅ ነው። የቧንቧው ወረፋ፣ የመሬት ልኬታው፣ የማዳበሪያው ዝርዝር፣ መታወቂያው፣ «ድሃ ነው» ተብሎ እርዳታ የሚጻፍለት ሰው፣ ይሄ ሁሉ ያለው ቀበሌና ወረዳ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የቀበሌ ምርጫ ሲደረግ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደርጎ ነበር፤ በመላ አገሪቱ የነበረው ወንበር ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው። ይሄን ያህል ወንበር ሲኖር ሕዝቡ ራሱን ያስተዳድራል ያሰኛል። ግን ያን ጊዜ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ወጥተው ነበር፤ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተደረገውም 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ። ስለዚህ በብዙ ቀበሌ ወረቀቱ ላይ የነበረው የአንድ ወገን ሰው ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻ ያለበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. መሆን ሲገባው ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤቶችም አብረው ተመረጡ፤ የወረዳና የቀበሌው ግን አልነበረበትም።

ለዚያ ለ2013ቱ ምርጫ ምዝገባው ሲካሄድ ነው ጥያቄው እኔ ቤት የመጣው። እኔ ቤይሩት ነበርኩ፤ ከወሎ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ታላቅ ወንድሜ ደውሎ ከሰላምታ በኋላ «ምዝገባው ሊያልቅ ነው፤ የሚመዘግበው ልጅ ያውቀናል፤ የቆየው መታወቂያሽ እማዬ ጋ አለ፤ በስምሽ ካርድ ላውጣልሽ?» አለኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ያለውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ምናልባት የእናንተም ቤት ተብሎ ይሆናል።

አንደኛ «አንቺ እኮ ከእኛ በላይ የቀበሌው ሰው ነሽ» አለኝ። ለመንገዱ አዋጡ ሲባል የቤታችንን ድርሻ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ክፍል ማሠሪያ፣ ለመብራት ምሰሶ፣ ያው እኔ ነኝ። «ማዋጣት ላይ አለሽ፤ ድምፅ ላይ ለምን አትኖሪም?» ሁለተኛ «ነገ ተመልሰሽ የምትኖሪው እዚሁ ነው» አለኝ። ሦስተኛ ደግሞ «ውጤቱ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አንድ ካርድ ማንን ይጎዳል?»

እምቢ አልኩት። ስልኩ ላይ ግን ምክንያቴን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም፤ «ተው ወንድሜ፣ ደስ አይለኝም» ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ሰሃን ሳጥብም፣ ሸሚዝ ስተኩስም ሳስበው ኖሬአለሁ። ሥራችን እጅ እንጂ ሐሳብ አይዝም።

በሦስተኛው ክርክር ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። አንድ ካርድ ማንን ይጎዳል? መዝገቡን ይጎዳል። መዝገብ ማለት «እነዚህ ሰዎች እዚህ አሉ» የሚል ምስክርነት ነው። የሌለሁትን እኔን «አለች» ብሎ የጻፈ እጅ፣ ነገ ያለችውን እናቴን «የለችም» ብሎ ለመሰረዝ ምን ይከለክለዋል? እናቴ ተዘልላ ብትገኝና «እዚህ ነው የምኖረው» ብላ ቅሬታ ብታቀርብ መከታዋ የመዝገቡ እውነተኛነት ብቻ ነው። እኛ ራሳችን በእውነት አስቀድመን ከቀደድነው ምን ይዛ ትሟገታለች? ውጤቱ የታወቀ ነው ለሚለው ደግሞ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅበት አንዱ ምክንያት ሰው ሁሉ «አንድ ካርድ ምን ያደርጋል» ማለቱ ይመስለኛል።

ከባዱ የገንዘቡ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ባንናገረውም በሆዳችን አለ። ደሜን ሸጬ የላክሁት ገንዘብ ነው፤ ቤቱ በእኔ ቆመ፤ ታዲያ ቃሌ ለምን አይሰማም? ይሄ ስሜት አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ገንዘብ ድምፅ ይሰጣል ካልን የት እንደሚያደርሰን እንይ። እኔ በወር የምልከውን የሚያክል መላክ የማትችል ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት አለች። በገንዘብ ከተለካ የእሷ ድምፅ ከእኔ ያንሳል ማለት ነው። ከእኔ ደግሞ የአሜሪካኑ ዲያስፖራ ይበልጣል፤ ከእሱ የከተማው ነጋዴ። በዚህ ሒሳብ ቧንቧው የሚተከለው ባለገንዘቡ ደጃፍ ነው፤ ውሃ ተሸክማ ጀርባዋ የጎበጠው ሴት የምትናገርበት ቦታ አይኖርም።

አገራችንም በዚህ መንገድ አልፋለች። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማ ሲቋቋም ሕዝብ አልመረጠም፤ የመረጡት መኳንንቱና ሹሞቹ ነበሩ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴትም ጭምር፣ እንዲመርጥ የፈቀደው። በ1949 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያኔም ቢሆን እጩ ሆኖ ለመቅረብ ንብረት ይጠየቅ ነበር። ንብረት የሌለው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። እኛ የምንወለደው ከማን ወገን እንደሆነ አስቡት። ድምፅ በገንዘብ ይለካ በሚባልበት ጊዜ ውጪ የሚቀሩት የእኛ እናቶች ናቸው። ዛሬ ትንሽ ዶላር ስለያዝን ያንን በር መልሰን እንክፈተው?

ስለዚህ ገንዘብ ድምፅ አይሆንም ብያለሁ። ታዲያ ትውልድ ይሁን? እዚያ ተወለድኩ፣ እትብቴ እዚያ ተቀብሯል። ይሄኛው ስሜት ከገንዘቡም ይጠነክራል። የዚህን መልስ ያገኘሁት ግን ወሎ ሳይሆን እዚሁ ሊባኖስ ነው። እዚህ አገር ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት አይደለም፤ የቤተሰቡ መዝገብ ባለበት መንደር ነው። አያቱ ከመንደሩ ከወጡ ስድሳ ዓመት ቢሆን፣ እሱ ቤይሩት ተወልዶ ቤይሩት ቢያረጅ፣ መዝገቡ መንደር ከሆነ የሚመርጠው መንደር ሄዶ ነው። ሴት ስታገባ ደግሞ መዝገቧ ወደ ባሏ ይዛወራል፤ አንድ ቀን ያልኖረችበት መንደር መራጭ ትሆናለች። የመምረጫው ዕድሜ 21 ነው። የማዘጋጃ ቤቱ፣ እነሱ በለዲያ የሚሉት፣ ምክር ቤት ለስድስት ዓመት ይመረጣል፤ እንደ ሕዝቡ ብዛት ከ9 እስከ 24 አባል አለው። ሙኽታርም አብሮ ይመረጣል። ከ2016 እ.ኤ.አ. በኋላ ሦስት ጊዜ ተራዝሞ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በአራት ዙር ተደርጓል።

በዚያ ምርጫ የማዳሜ ቤተሰብ ተራራ ላይ ወዳለው የባሏ መንደር ሲሄድ እኔም ምግብ እንድሠራ ተወስጄ ነበር። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል፤ ጓሮው በእንግዳ ሞልቷል። ማታ ሁሉም ጣቱን በቀለም ነክሮ ወደ ቤይሩት ተመለሰ። ክረምት ከበጋ እዚያው የሚኖሩት አማቷ ናቸው፤ ሰሃን ሳደርቅ አጠገቤ ቁጭ ብለው «አንድ ቀን መጥተው ይመርጡልናል፤ ቆሻሻው ግን ከእኛ ጋር ይቀራል» አሉኝ። አሮጊቷ ትምህርት የላቸውም፤ ግን እኔ በብዙ ወር ያላገኘሁትን በአንድ አፍ ተናገሩት።

በተቃራኒው ደግሞ ከተማውን እዩት። በቤይሩት ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ ብዙው መዝገቡ ሌላ ቦታ ነው። ቆሻሻውን የሚያነሳለትን ወይም የማያነሳለትን ማዘጋጃ ቤት እሱ አይመርጠውም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የናዕሜ ቆሻሻ መጣያ ተዘግቶ የቤይሩት ጎዳና በቆሻሻ ሲሞላ የሸተተው ለሁሉም ነው፤ መዝገብ ላለውም ለሌለውም። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ቤይሩት ውስጥ ከተመዘገበው መራጭ ለድምፅ የወጣው ከአምስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። መራጩ ከሚኖርበት ሲለይ፣ የሚኖረው አይመርጥም፣ የሚመርጠው አይኖርም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉት አባቶቻችን ይሄን ያወቁት ይመስለኛል።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚገባው ውሳኔው የሚያርፍበት ሰው ነው። የተወለደ ሳይሆን፣ የከፈለ ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት ከውሳኔው ጋር የሚነቃ ሰው። የእኛ አገር የስድስት ወር ሕግ ትርጉሙ ይሄ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጅ አዝለው በሌሊት የሸሹት እዚያ የነበሩት ናቸው። እኔ አልቅሻለሁ፤ ስልክ ስሞክር አድሬአለሁ፤ ግን ያደርኩት ጣሪያ ሥር ነው። ፍቅር አንድ ነገር ነው፤ መሸከም ሌላ ነገር ነው።

ይሄን ሁሉ ለአንዲት ጓደኛዬ ስነግራት ተቆጣችኝ። «ታዲያ እኛ ከሰው አንቆጠርም ማለትሽ ነው? እዚህ ዜጋ አይደለንም፤ እዚያ ነዋሪ አይደለንም። የትም የለንም በይው!» አለችኝ። ቁጣዋ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የቀበሌ ምርጫና የፓርላማ ምርጫ አንድ አይደሉም። የሰፈሩን ቧንቧ የሚወስነው ሰፈሩ ቢሆን ተገቢ ነው አልኩ። ግን እኛ ወደ አረብ አገር መሄድ እንዳንችል በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የታገደው፣ በ2010 ዓ.ም. እገዳው የተነሳው፣ በመካከሉም በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የወጣው ከላይ ነው። ፓስፖርታችን፣ ኤምባሲያችን፣ ከእነዚህ አገሮች ጋር የሚፈረመው ስምምነት ሁሉ በአገር ደረጃ የሚወሰን ነው። እነዚህ ውሳኔዎች የሚያርፉት ደግሞ በማን ላይ ነው? በእኛ ላይ ነዋ! ስለዚህ በዚያው በራሴ መለኪያ፣ ውጭ ያለ ሰው በፓርላማ ምርጫ ድምፅ ይኑረው ቢባል ፍትሕ ነው እላለሁ። የማይቻል ነገርም አይደለም፤ ሊባኖሶች ውጭ ያሉ ዜጎቻቸውን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉበት አገር ሆነው ለፓርላማ አስመርጠዋል። ለማዘጋጃ ቤት ግን አላደረጉትም።

ሁለተኛው ደግሞ እዚህ ያለነው ነገር ነው። «ውሳኔው የሚያርፍበት ሰው ድምፅ ይገባዋል» ካልኩ፣ ወሎ ላይ ብቻ ልሠራበት አልችልም። በዚህ አገር አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች «የውጭ ሰው ማታ ከቤት እንዳይወጣ» ብለው ሰዓት እላፊ ያወጁበት ጊዜ ነበር። ያ ውሳኔ ያረፈው በውጭ ሰው ላይ ነው፤ ከወሰኑት መካከል ግን አንድም የውጭ ሰው አልነበረም። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ አንዳንዶቻችሁ ሃያ ዓመት ኖራችኋል። የሰፈሩን አሮጊት ያጠባችሁ፣ ልጁን ያሳደጋችሁ እናንተ ናችሁ። የመንገድ መብራቱ ሲጠፋ በጨለማ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። በዓለም ላይ ይሄን ያሰቡ አገሮች አሉ። ስዊድን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጥ ፈቅዳለች። አየርላንድም ነዋሪ የሆነ ሰው ዜግነቱ ሳይጠየቅ ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። ነገ እዚህም ይሆናል እያልኩ አይደለም፤ ሕልም አልሸጥላችሁም፤ የሠራተኛ ሕጉ እንኳ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። ግን ነገሩ ትክክል መሆኑን ማወቅ ራሱ ጥቅም አለው። «ምን አገባሽ?» ሲሉን «የምኖርበት ነው፤ ያገባኛል» ብለን ቢያንስ በልባችን እንመልሳለን።

ታዲያ እስከዚያ ምን እናድርግ? ለአገር ቤት ሦስት ነገር አስባለሁ። ቤተሰቦቻችንን «ተመዝግባችኋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ በተለይ እናቶቻችንን፤ ብዙ ቤት ወንዱ ከተመዘገበ በቃ ይባላል። «እገሌን ካልመረጣችሁ አልክም» ግን አንበል። የሚላከው ለዘይትና ለደብተር ነው፤ ለእናታችን ድምፅ ዋጋ አይደለም። ስንመለስ ደግሞ ስድስት ወራችንን ቆጥረን፣ በራሳችን እግር ሄደን፣ በራሳችን እጅ እንፈርም።

ግን እህቶቼ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት በእጃችን ስላለ አንድ መዝገብም ልነግራችሁ ነው፤ የራሳችን የኅብረታችን መዝገብ። ኮሚቴያችንን የምንመርጠው እሑድ ተሰብስበን እጅ በማውጣት ነው። እሑድ መምጣት የምትችለው ማን ናት? የዕረፍት ቀን ያላት፣ ወይም ተከራይታ በፍሪላንስ የምትሠራ። ከውስጥ የተቆለፈባት እህት አትመጣም። መዋጮዋን ግን በሰው እጅ ትልካለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኅብረቱ ውሳኔ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ለሆስፒታል ይሁን ወይስ ለበዓል፣ ለአውሮፕላን ትኬት ይሁን ወይስ ለአዳራሽ ኪራይ ብለን ስንወስን፣ ነገ ታማ ወይም ሸሽታ የምትወጣው እሷ ናት። የማዳሜ አማት ስለ መንደራቸው ያሉትን እሷ ስለ እኛ ብትለው እውነት አይሆንም? «እሑድ ተሰብስበው ይመርጡልናል፤ ችግሩ ግን ከእኛ ጋር ይቀራል።»

«በሌለችበት እኛ እናውቅላታለን» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ወንድሜም በቅንነት ያለኝ ያንኑ ነው፤ በስሜ ሊመርጥልኝ ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ በስሟ መምረጥ አንድ ነው፤ እሷን መስማት ሌላ ነው። እኔ የምለው እንስማት ነው። የሚከብድም አይደለም። ከምርጫው አንድ ወር በፊት የአባላት ዝርዝር በንጹሕ ደብተር ይጻፍ፤ ሰው ሁሉ ይየው፤ የተዘለለች ትጨመር፣ አገር የገባች ትሰረዝ። የእጩዎቹ ስም ለሁሉም ይድረስ። መውጣት የማትችል እህት ማታ ስልክ በምታገኝበት ሰዓት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ በራሷ ድምፅ ትናገር፤ የሚሰሙትም እጩ ያልሆኑ፣ እሷ ራሷ የምታምናቸው ሁለት እህቶች ይሁኑ፤ ጽፈው፣ አጥፈው ሳጥን ውስጥ ይጨምሩላት፤ ማን እንዳለች አፋቸውን ይዝጉ። ስልክ የተከለከለችውስ? እሷን እንዴት እንደምንደርስ አብረን እንምከር፤ ቢያንስ ግን ስሟ ደብተሩ ላይ ይኑር፤ ባዶ ቦታዋን እያየን እንወስን።

አንዳንዶቻችሁ «ለሠላሳና ለአርባ ሴት ኮሚቴ ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ትሉ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምርጫ ዛሬ በእጃችን የለም እላለሁ። አገር ቤት አንመርጥም፤ እዚህ አያስመርጡንም፤ ማስተካከል የምንችለው መዝገብ ይሄ አንዱ ነው። ሐሳባችሁን፣ ተቃውሞአችሁንም ጭምር፣ ለጋዜጣችን ላኩ፤ መጻፍ የሚከብዳት ትንገረን፣ እኛ እንጽፍላታለን። መምጣት የማትችል እህት የምታውቁ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ስሟን ይዛችሁልን ኑ።

ሰላም ሁኑልኝ።